ቫዮሊኑ የገባበት በር

በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ የደቡብ ሕንዷ ከተማ ቼናይ ለሳምንታት ከሙዚቃ በቀር ሌላ ጉዳይ ያላት አትመስልም። ታሚሎች «ማርጋዢ» በሚሉት በዚህ ወር በከተማዋ ትልልቅና ትንንሽ አዳራሾች ከጠዋት እስከ ምሽት ካርናቲክ የሚባለው ክላሲካል ሙዚቃ ይደመጣል። መድረኩ ላይ ወንበር የለም። ድምፃዊዋ ምንጣፍ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ታምቡራ የሚባለው ረጅም ባለ አራት አውታር መሣሪያ መነሻ ድምፁን ያለማቋረጥ ያሰማል፤ በአንድ ጎኗ ምሪዳንጋም የተባለውን ሁለት ፊት ያለው ከበሮ አጋድሞ የሚመታ ሰው አለ፤ በሌላው ጎኗ ደግሞ ቫዮሊን ተጫዋቹ ተቀምጧል። ይህ ሰው ቫዮሊኑን እንደ አውሮፓውያን ከአገጩ ሥር አይወሽቀውም። የቀኝ እግሩን ወደፊት አውጥቶ የመሣሪያውን ራስ በቁርጭምጭሚቱ ላይ ያሳርፋል፤ ታችኛውን ጫፍ ደግሞ ከደረቱና ከግራ ትከሻው ጋር ያስጠጋል። ቫዮሊኑ በሁለቱ መካከል ተደግፎ ስለሚቆም ግራ እጁ ሸክም የለበትም፤ ጣቶቹ በአውታሮቹ ላይ ከላይ እስከ ታች እንደ ልባቸው ይንሸራተታሉ።

ለእንግዳ ተመልካች ከዚህ ሁሉ ዕቃ መካከል ከባሕር ማዶ የመጣው የቱ እንደሆነ ግልጽ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ላለው የቼናይ አድማጭ ግን ቫዮሊን የባዕድ ዕቃ መሆኑ ትዝም አይለው። ዛሬ ያለ ቫዮሊን የሚካሄድ የድምፅ ኮንሰርት ብርቅ ነው። ይህ ማኅበረሰብ የወራሪ ጦር ባንድ ያመጣውን መሣሪያ በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ከድምፃዊው ጎን ያስቀመጠ ሆኖ ሳለ፣ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ማን ይህን ሙዚቃ መዘመር እንደሚገባው፣ ለየትኛው አምላክም ሊዘመር እንደሚችል በብርቱ ተጣልቶበታል። ሁለቱ ነገሮች ለየብቻ ሲነገሩ ይሰማሉ። እኔ ግን አንዱን ያለ ሌላው መረዳት አይቻልም ብዬ አምናለሁ፤ የመሣሪያውን ታሪክ በቅጡ ያወቀ ሰው ስለ ሰዎቹ የሚነሣውን ጠብ በሌላ ዓይን ያየዋልና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የእኛ አገር አንባቢ የሕንድ ሙዚቃ ሲባል ቀድሞ የሚመጣለት በሲኒማ ቤቶቻችን ለዓመታት የሰማው የሂንዲ ፊልም ዘፈን ነው። ካርናቲክ ከዚያ የተለየ ነው። በታሚል ናዱ፣ በካርናታካ፣ በአንድራ ፕራዴሽ፣ በቴላንጋናና በኬራላ የሚኖር፣ በአብዛኛው የምስጋናና የጸሎት ግጥም የተሸከመ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል የሚተላለፍ ሙዚቃ ነው። መሠረቱ «ራጋ» ይባላል። ራጋ ከእኛ ቅኝት ጋር ይቀራረባል፤ አንድ ግን አይደለም። ክራር ላይ ሙሉ ትዝታ የሚወጣባቸው አምስቱ ድምፆች ሞሃናም የተባለው ራጋ ከሚሠራባቸው አምስት ድምፆች ጋር አንድ ናቸው። ሆኖም ትዝታን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ሞሃናምን ቢሰማ ትዝታ ነው አይልም፤ ድምፆቹ ቢመሳሰሉም አካሄዳቸው፣ የሚያርፉበት ቦታና ከሁሉ በላይ የሚወዛወዙበት መንገድ ይለያያልና።

ይህ መወዛወዝ «ጋማካ» ይባላል፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍም እርሱ ነው። በቅዱስ ያሬድ ዜማ ርክርክ የሚባለውን ምልክት የሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡን ቶሎ ይይዘዋል። ቶዲ የተባለውን ራጋ እንውሰድ። በዚህ ራጋ ውስጥ ሦስተኛውን ድምፅ ቀጥ አድርጎ የያዘ ሰው፣ ልኩን ቢያገኘው እንኳ፣ ቶዲን አልዘመረም። ድምፁ ከበታቹ ካለው ተነሥቶ፣ ከበላዩ ያለውን ዳስሶ፣ እንደገና እየተመለሰ በቀስታ መናጥ አለበት፤ አድማጩ ራጋውን የሚለየው በዚያ እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ በካርናቲክ ሙዚቃ አንድ ድምፅ ነጥብ አይደለም፤ መንገድ ነው። ከውጭ የመጣ መሣሪያ ሁሉ የሚፈተነውም በዚህ ነው፤ ይህን መንገድ መሄድ ይችላል ወይስ አይችልም?

ቫዮሊኑ ወደዚህ ሙዚቃ የገባው በእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጓዝ ነው። ኩባንያው በ17ኛው መቶ ዘመን ማድራስ፣ ማለትም የዛሬዋ ቼናይ፣ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ምሽግ የሚባለውን ግንብ ሠራ፤ በምሽጉም የወታደር ባንድ ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ የዲክሺታር ቤተሰብ በአቅራቢያዋ በምትገኘው በማናሊ በአንድ ሙዚቃ ወዳድ ባለጸጋ ቤት ተጠግቶ ይኖር ነበር። አባትየው ራማስዋሚ ዲክሺታር ስመ ጥር ሙዚቀኛ ናቸው፤ ሃምሳድቫኒ የተባለውን ራጋ ለዓለም የሰጡት እርሳቸው ናቸው። ባለጸጋው ቤተሰቡን የምሽጉን ባንድ ያሰሙት ነበር፤ ከልጆቹ አንዱን ባሉስዋሚን (1786–1858) ደግሞ ከአንድ አውሮፓዊ ቫዮሊን ተጫዋች ዘንድ አስገብተው ሦስት ዓመት ያህል አስተማሩት። ልጁ የተማረውን የአውሮፓ ሙዚቃ ትቶ መሣሪያውን ብቻ ወደ አባቱ ዜማ ይዞት መጣ። በዚያው ዘመን አካባቢ ከታንጃቩር የተነሡት ቫዲቬሉ የተባሉ ሙዚቀኛ ቫዮሊንን በትሪቫንኮር ቤተ መንግሥት ከፍ ወዳለ ደረጃ አደረሱት፤ ራሱ የዜማ ደራሲ የነበረው ንጉሥ ስዋቲ ቲሩናልም በ1834 ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ቫዮሊን ሸለማቸው።

እነዚህ ሰዎች ከቫዮሊኑ ጋር የመጣውን አብዛኛውን ነገር አልተቀበሉም። ኅብረ ዜማውን፣ ማለትም ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ ማሰማቱን፣ ተዉት። የኖታ ወረቀቱን ተዉት። አያያዙን ከላይ እንዳልኩት ለወጡት። ቅኝቱንም ለወጡት፤ አውሮፓውያን አራቱን አውታሮች በአራት የተለያዩ ድምፆች ሲቃኙ፣ እነርሱ መነሻውን ድምፅና አምስተኛውን እያፈራረቁ ቃኟቸው፤ መነሻውም የተወሰነ ከፍታ የለውም፤ ድምፃዊዋ ጉሮሮዋ በሚመቻት ቦታ ታቆመዋለች፣ ቫዮሊኑ ይከተላታል። የወሰዱት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው የቫዮሊን አንገት ልሙጥ መሆኑ ነው፤ ጣት የትም ሊያርፍ፣ ከየትም ወደ የትም ሊንሸራተት ይችላል። ሁለተኛው ደጋኑ ነው፤ ድምፁ እንደ ሰው ትንፋሽ ሳይቋረጥ ይረዝማል። ከዚያ በፊት ድምፃዊን ታጅብ የነበረችው የአገሬው ቪና ግን በጣት ስለምትመታ ድምፅዋ ወዲያው ይሟሽሻል። ቫዮሊን ቪናን ከድምፃዊው ጎን አስነሣት። ይህንን እንደ ትርፍ ብቻ የሚያወሩ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ኪሳራም ነበረበት እላለሁ፤ ቪና ከዚያ ወዲህ ከአጃቢነት ወጥታ በአብዛኛው ለብቻዋ የምትደመጥ፣ የሚጫወታትም ቁጥሩ ያነሰ መሣሪያ ሆናለች።

ፈተናውን የወደቀው ሃርሞኒየም ነው። ይህ በእጅ እየተነፋ በቁልፍ የሚመታ መሣሪያ የመጣው ከዚያው ከአውሮፓ ነው፤ በሰሜን ሕንድ በየቤቱ፣ በየቤተ ጸሎቱ፣ በየቲያትሩ ገብቷል፤ በደቡብም የቲያትር ቡድኖች ይወዱት ነበር። በካርናቲክ መድረክ ላይ ግን ከቫዮሊን ጎን የሚቀመጥበት ቦታ አላገኘም። ምክንያቱ የሃርሞኒየም ቁልፍ የሚያወጣው አንድ የተቆረጠ ድምፅ በመሆኑ ነው፤ በአንዱ ቁልፍና በሚቀጥለው መካከል ምንም የለም። ያ ከላይ ያነሣሁት የቶዲ ሦስተኛ ድምፅ በሃርሞኒየም ቢመታ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መንገዱ ይጠፋል። የመላው ሕንድ ራዲዮ በ1940 ሃርሞኒየምን ከጣቢያዎቹ ሲያግድም ከቀረቡት ምክንያቶች ዋናው ይኸው ነበር፤ እገዳው ለአሥርተ ዓመታት ቆይቷል። ልብ በሉ፤ ቫዮሊንም ሃርሞኒየምም ፈረንጅ ናቸው። አንዱ ገብቶ ሌላው ደጅ የቀረው በትውልድ አገራቸው አይደለም።

ከመሣሪያ ይልቅ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የዜማው ነገር ነው። የባሉስዋሚ ታላቅ ወንድም ሙቱስዋሚ ዲክሺታር (1775–1835) ከትያጋራጃና ከሺያማ ሻስትሪ ጋር የካርናቲክ ሙዚቃ «ሦስቱ» ከሚባሉት ደራሲያን አንዱ ናቸው። ከባዱን፣ ዝግ ብሎ የሚፈሰውን፣ በሳንስክሪት የተቀመረውን የአማልክት ውዳሴ የጻፉት እኚህ ሰው በምሽጉ ባንድ ዜማዎች ላይ ወደ 40 የሚጠጉ ግጥሞችን አስቀምጠዋል። «ኖቱ» ይባላሉ፤ ቃሉ ራሱ «ኖት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው። አብዛኞቹ የቆሙት ሻንካራባራናም በተባለው ራጋ መሰላል ላይ ነው፤ የዚህ መሰላል ድምፆች አውሮፓውያን ሜጀር ከሚሉት ጋር አንድ ናቸውና። ከእነዚህ አንዱ ሺያማላ ለተባለችው አምላክ የቀረበ ልመና ነው፤ ዜማው ግን የእንግሊዝ ብሔራዊ መዝሙር ነው። አንድ የታሚል ልጅ ዛሬ ይህን መዝሙር ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ሲማር፣ በአንድ ወቅት ወታደሮች ለንጉሣቸው ቆመው ሰላምታ የሰጡበትን ዜማ ለእናት አምላኩ እየዘመረ ነው። ኖቱዎች ጋማካ የላቸውም፤ ቀጥ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ ስለዚህም ለጀማሪዎች ይመቻሉ፤ በኮንሰርት ዋናው ክፍል ላይ ግን አይመጡም። ዲክሺታር ዜማውን እንዳለ ተቀበሉት፤ ባህሉ ደግሞ ተቀብሎ የልጆች ስፍራ ሰጠው። ሚዛኑ እዚህም ሠርቷል።

ይኸው ደራሲ ከመምህራቸው ጋር ወደ ሰሜኗ ቅድስት ከተማ ወደ ካሺ (ቫራናሲ) ሄደው ለዓመታት ተቀምጠው ነበር። እዚያ የሰሙት ዝግ ያለው የሰሜኑ ድሩፓድ አዘማመር በድርሰቶቻቸው አረማመድ ላይ እንደሚታይ ባለሙያዎች ያስረዳሉ፤ ያሙና ካልያኒ፣ ሃሚር ካልያኒ፣ ድቪጃቫንቲ የተባሉትን የሰሜን ሥር ያላቸውን ራጋዎችም ወስደው ታላላቅ ክሪቲዎችን፣ ማለትም ዜማና ግጥም አንድ ላይ የተደረሰባቸውን መዝሙሮች፣ ጽፈውባቸዋል። እዚህ ላይ የተወሰደው ዜማ እንደ ኖቱዎቹ እንግዳ ሆኖ አልቀረም፤ በጋማካ ታሽቶ የቤት ልጅ ሆኗል። ሃምሳድቫኒን የመሰሉ የደቡብ ራጋዎችም በተራቸው ወደ ሰሜን ሄደው ዛሬ የሂንዱስታኒ ሙዚቀኞች እንደ ራሳቸው ይዘምሯቸዋል።

ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር «የውጭ» እና «የውስጥ» የሚለው ድንበር እየደበዘዘ ይመጣል። በ13ኛው መቶ ዘመን ስለ ሕንድ ሙዚቃ የጻፉት ሻርንጋዴቫ «የቱርኮች ቶዲ» የሚባል ራጋ መኖሩን መዝግበዋል። ሁሴኒና ናቭሮጅ የተባሉ ራጋዎች ዛሬም ይዘመራሉ፤ አንደኛው የዐረብ ስም ነው፣ ሁለተኛው በፋርስኛ አዲስ ቀን ማለት ነው። የዚህ ሙዚቃ እምብርት የሆነችው ታንጃቩር የታሚል አገር ናት፤ ግን ሦስቱ ደራሲያን በኖሩበት ጊዜ የሚገዟት ከምዕራብ ሕንድ የመጡ የማራታ ነገሥታት ነበሩ (1675–1855)፤ ከእነርሱ በፊት የገዟት ደግሞ ቴሉጉ ተናጋሪዎች ናቸው። ከማራታዎቹ ጋር የመጣው፣ ተረትና ዝማሬ ተቀላቅለው የሚቀርቡበት የአምልኮ ትርኢት በታሚል አገር ሃሪካታ ሆኖ ሥር ሰደደ። ትያጋራጃ በካቬሪ ወንዝ ዳር፣ በቲሩቫይያሩ፣ በታሚሎች መካከል ኖረው በቴሉጉ ዘመሩ። የታሚል ሕዝብ በገዛ አዳራሹ የማይገባውን ቋንቋ ለምን ይሰማል ብለው የተነሡ ሰዎች በ1940ዎቹ «የታሚል ሙዚቃ» ንቅናቄን ሲያቋቁሙ፣ ጥያቄያቸው የመጣው ከዚህ ነበር። ታሚል የገዛ አገሩ ቋንቋ ሆኖ ሳለ መድረክ ለማግኘት ንቅናቄ ማስፈለጉ ያሳዝናል፤ ቫዮሊን ንቅናቄ አላስፈለገውም።

በቅርቡ ዘመን የገቡት ሁለት መሣሪያዎች የሚዛኑን አሠራር በጉልህ ያሳያሉ። በአንድራ ፕራዴሽ የተወለዱት ዩ. ስሪኒቫስ (1969–2014) ገና በልጅነታቸው የኤሌክትሪክ ማንዶሊን ይዘው ብቅ ሲሉ ብዙዎች ተጠራጥረው ነበር። ማንዶሊን ጥንድ ጥንድ ሆነው የታሰሩ አውታሮች አሉት፤ ድምፁም አጭርና ቁርጥርጥ ያለ ነው። እርሳቸው ጥንዶቹን ትተው አምስት ነጠላ አውታሮች አሠሩበት፤ ነጠላው አውታር በጣት ሲጎተት ይታዘዛል፤ ኤሌክትሪኩም ድምፁን ያረዝመዋል። በማንጋሎር አካባቢ የተወለዱት ካድሪ ጎፓልናት (1949–2019) ደግሞ ናዳስቫራም የሚባለውን የቤተ መቅደስ መለከት የሚነፉ ሰው ልጅ ነበሩ፤ በማይሶር ቤተ መንግሥት ባንድ ውስጥ ሳክስፎን ሰምተው በፍቅሩ ወደቁ። ሳክስፎን በቁልፍ የሚሠራ ነው፤ እንደ ሃርሞኒየም ሊወድቅ ይገባው ነበር። እርሳቸው ግን በከንፈርና በትንፋሽ ድምፁን ማጠፍን፣ ቁልፉንም ማመቻቸትን ለዓመታት ተለማምደው መንገዱን አገኙት፤ በ1994ም ለንደን በሮያል አልበርት አዳራሽ ተጫወቱ። የሁለቱም ትግል አንድ ነው፤ መሣሪያውን ለራጋ እስኪገዛ ድረስ መቅጣት ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርኩት ሁሉ የሚያኮራ ታሪክ ነው። ሰው ላይ ሲደርስ ግን ሚዛኑ ይለወጣል።

በ2018 ኦገስት ወር በካርናቲክ መድረክ የታወቁ ጥቂት ድምፃውያን ክርስቲያናዊ መዝሙር ዘመራችሁ ወይም ልትዘምሩ ነው ተብለው በማኅበራዊ ሚዲያ የስድብና የዛቻ ናዳ ወረደባቸው፤ ተይዞ የነበረ ኮንሰርት ተሰረዘ። ድምፃዊው ቲ. ኤም. ክሪሽና በምላሹ በየወሩ ስለ ኢየሱስ ወይም ስለ አላህ የሚዘምር አንድ የካርናቲክ ዜማ አወጣለሁ ብለው አስታወቁ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ደልሂ ላይ ሊያቀርቡት የነበረው ኮንሰርት በአዘጋጆቹ እንዲተላለፍ ተደረገ፤ የደልሂ መስተዳድር ሌላ መድረክ ሰጣቸው። በ2024 የማድራስ ሙዚቃ አካዳሚ ትልቁን ሽልማቱን ለእርሳቸው እንደሚሰጥ ሲያስታውቅ ደግሞ ምክንያቱ ከዚህ የሰፋ ጠብ ተነሣ፤ የታወቁ የሙያ ባልደረቦቻቸው ከአካዳሚው መድረክ ራሳቸውን አገለሉ።

የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ አቃልሎ ማለፍ አይገባም። ለሚያምን ሰው የትያጋራጃ ክሪቲ ዜማና ግጥም ተለይተው የሚነቀሉ ሁለት ክፍሎች አይደሉም፤ ራማ የተባለውን አምላክ ሲጠሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ጸሎት ነው። ያን ዜማ ወስዶ የራማን ስም አንሥቶ የሌላ ስም መተካት እንደ ስርቆት፣ ከዚያም አልፎ እንደ ድፍረት ይታያቸዋል። የታወቀ ክሪቲ ዜማ ያለ ምንም ምስጋና ተወስዶ በሌላ ቃል ሲቀርብ ቅሬታቸው እውነት አለው፤ የደራሲው ስም መነገር አለበት። ነገር ግን ይህን ክስ በአጠቃላይ የሚያነሣ ሰው ከኖቱዎቹ ጋር መፋጠጥ ይኖርበታል። ሙቱስዋሚ ዲክሺታር ያደረጉት በትክክል ይህንኑ ነው፤ ስለ ሌላ ጌታ የተዘመረውን ዜማ ወስደው የራሳቸውን አምላክ ቃል አለበሱት። ያ ቅርስ ሆኖ ለልጆች ሲሰጥ፣ ይኸኛው ወንጀል ሊሆን የሚችለው በምን መለኪያ ነው? ዲክሺታርን የሚወድ ሰው ለዚህ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ክርስቲያናዊው የካርናቲክ መዝሙርም የትናንት ፈጠራ አይደለም። ቬዳናያጋም ሻስትሪያር (1774–1864) የተባሉት የታንጃቩር ባለቅኔ ክርስቲያን ነበሩ፤ በሰርፎጂ ሁለተኛ ቤተ መንግሥት ተቀምጠው በራጋና በታላ (በምት ስልት) የተቀመሩ የኢየሱስ መዝሙሮችን ጽፈዋል። ከሙቱስዋሚ ዲክሺታር ጋር እኩያ ናቸው ማለት ነው። ቫዮሊን ወደዚህ ሙዚቃ በገባበት ትውልድ ውስጥ ክርስቲያኑም በዚያው ሙዚቃ ይዘምር ነበር፤ ቫዮሊኑ የአገር ልጅ ሲባል፣ እዚያው አፈር ላይ የተወለደው ባለቅኔ ልጆች ግን እስከ ዛሬ ተበዳሪ ይባላሉ። በ1917 ስለ ታሚል ሙዚቃ ግዙፉን ጥናት ያሳተሙት አብርሃም ፓንዲታርም ክርስቲያን ነበሩ።

የሱዳስ የሚባሉት የኬራላ ድምፃዊ ጉዳይ ይበልጥ የሚቆረቁር ነው። በ1940 በኮቺ ከካቶሊክ ቤተሰብ ተወለዱ። ካርናቲክን ከተማሩባቸው መምህራን አንዱ ታላቁ ቼምባይ ቫይድያናታ ባጋቫታር (1896–1974) ናቸው፤ እኚህ መምህር በጉሩቫዩር ቤተ መቅደስ የሚመለከው ክሪሽና የተባለው አምላክ ታማኝ አገልጋይ ነበሩ። የሱዳስ ለዚያው ክሪሽና የዘመሯቸው መዝሙሮች በኬራላ ቤቶች ሁሉ ይሰማሉ። የጉሩቫዩር ደጅ ግን ሂንዱ ላልሆነ ሰው አይከፈትም፤ ዘማሪው ከውጭ ቀሩ። ድምፃቸው ከእርሳቸው ይልቅ ሩቅ ሄዷል፤ በሳባሪማላ ቤተ መቅደስ በየምሽቱ በሩ ሲዘጋ የሚሰማው የእርሳቸው ቅጂ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሼክ ቺና ሙላና (1924–1999) ሙስሊም ሆነው በስሪራንጋም ተቀምጠው ናዳስቫራምን፣ ያንን የቤተ መቅደስ መለከት፣ ቪሽኑ ለተባለው አምላክ ነፍተዋል፤ ከተማዋም አክብራቸዋለች። ስለዚህ በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነበር ማለት ሐሰት ነው፤ በየቦታው፣ በየዘበኛው ልክ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እንዲህ ያለው በር የድምፅ ሚዛን የለውም።

ከሃይማኖት ይልቅ ብዙ የማይነገርለት ደግሞ የዘር ሐረግ ጉዳይ ነው። ይህን ሙዚቃ ለዘመናት ተሸክመው ያቆዩት ብራህማን ከሚባለው የካህናት ዘር ከወጡት ደራሲያን ጎን የቤተ መቅደስ ዘፋኞች፣ ዳንሰኞችና ናዳስቫራም ነፊዎች ነበሩ፤ የዝሆን ጥርሱን ቫዮሊን የተሸለሙት ቫዲቬሉም ከእነዚሁ ናቸው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሙዚቃው ወደ ከተማ አዳራሽ ሲገባ፣ ማድራስም በ1928 የሙዚቃ አካዳሚዋን ስታቋቁም፣ መድረኩ ቀስ በቀስ ወደ ብራህማኖች እጅ ገባ። ሴት ልጆችን ለቤተ መቅደስ መስጠትን በ1947 የከለከለው ሕግ መብትን ለማስከበር የወጣ ቢሆንም፣ የእነዚያ ሴቶች ጥበብ ግን ከአሳፋሪ ስም ጋር ተቀላቅሎ ተጣለ። በ1966 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጉባኤ ፊት የዘመሩት ኤም. ኤስ. ሱቡላክሽሚ (1916–2004) ከዚያ ማኅበረሰብ የተወለዱ ናቸው፤ ዓለም ያወቃቸው ግን በብራህማን እመቤት አለባበስና ወግ ነው። ይህ ከአንዱ ወደ ሌላው የተወሰደ ሀብት ነው፤ ሆኖም «ብድር» ብሎ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው፤ ከውጭ ስላልመጣ። ማሳቹሴትስ ላይ የተወለዱት አሜሪካዊው ጆን ሂጊንስ (1939–1984) በ1965 በቲሩቫይያሩ በትያጋራጃ መታሰቢያ ላይ ሲዘምሩ ሕዝቡ ተደንቆ «ባጋቫታር» የሚለውን የክብር ስም ሰጣቸው፤ ይገባቸው ነበር። ያስተማሯቸው ግን ከዚያው ከቤተ መቅደስ ሙዚቀኞች ሐረግ የወጡ መምህር መሆናቸውን የሚያነሣ ሰው ያንሳል።

ዛሬ በቼናይ የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ «ባህላችንን እንጠብቅ» እና «ባህል ለሁሉ ይከፈት» በሚሉ ሁለት ጩኸቶች መካከል ይቀራል። ሁለቱም ሙዚቃው ራሱ ያስቀመጠውን መስፈርት ይዘሉታል። ሃርሞኒየምን ያልተቀበለ ባህል ልቅ አይደለም፤ ሳክስፎንን የተቀበለ ባህልም ዝግ አይደለም። አዲስ የመጣ መዝሙር ቢኖር መጠየቅ ያለበት ራጋው ቆሟል ወይ፣ ጋማካው መንገዱን ሄዷል ወይ፣ የዜማው ባለቤት ስም ተነግሯል ወይ ተብሎ ነው። የዘማሪው የጥምቀት ስም ወይም የአያቱ ሥራ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ኖሮ አያውቅም፤ ያስገቡት ሰዎች ናቸው።

የሙቱስዋሚ ዲክሺታር ክሪቲዎች እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ በአብዛኛው በቤተሰቡና በተማሪዎቻቸው አፍ ብቻ ይኖሩ ነበር። የባሉስዋሚ የልጅ ልጅ የሆኑት ሱባራማ ዲክሺታር በኤታያፑራም ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ይጠብቋቸው ነበር፤ ለሕዝብ መስጠቱን ግን አይወዱትም ነበር። ወደ እርሳቸው ሄደው፣ ለምነው፣ ዜማዎቹን በአውሮፓ ኖታ መጻፍና ማሳተም የጀመሩት፣ በኋላም ሁሉም በአንድ መጽሐፍ እንዲወጣ የኤታያፑራምን ገዥ የወተወቱት የማድራሱ ሠራተኛ ቺናስዋሚ ሙዳልያር ናቸው። ኖቱዎቹንም በ1893 በኅትመት ያወጧቸው እርሳቸው ናቸው። ሱባራማ ዲክሺታር በ1904 በቴሉጉ ፊደል ባሳተሙት ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ ከ200 በላይ የሙቱስዋሚ ዲክሺታር ክሪቲዎች ከነጋማካ ምልክታቸው ተመዝግበዋል፤ በዚህ ታኅሣሥ የቼናይ መድረክ ላይ ወጥታ ከእነዚያ አንዱን የምትዘምር ወጣት፣ መምህሯ ሲጠራጠር የሚገልጠው ያንን መጽሐፍ ነው። ቺናስዋሚ ሙዳልያር ክርስቲያን ነበሩ።